ቤት ማስፋት በአስኮ

በአዲስ አበባው አስኮ ሰፈር ቤተሰብ ሲበዛ ቀድሞ የሚታሰበው ከዋናው ቤት ጀርባ ሰርቪስ መጨመር ነው። ከዚያ በፊት ግን ነባሩ ግድግዳ ምን ያህል እንደሚሸከም መታወቅ አለበት። በባሕር ዛፍ እንጨትና በጭቃ የቆመ ቤት የቆርቆሮ ጣሪያውን ይችላል፤ ፎቅ ግን አይችልም። ሁለተኛ ወለል የሚፈልግ ከመሠረቱ ጀምሮ በብረትና በኮንክሪት ራሱን የቻለ አካል ማቆም ይኖርበታል፤ ይህም ለብዙ ቤተሰብ ከአቅም በላይ ነው። ግቢው ቦታ ካለው ወደ ጎን መስፋት ይሻላል።

ጭቃ ቤት ርካሽ ነው፣ የአስኮንም ብርድ ደህና አድርጎ ይከላከላል። ዕድሜውን የሚወስኑት ከመሬት ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረትና ወጣ ያለ የጣሪያ ክፈፍ ናቸው፤ ሁለቱም ከሌሉ ዝናብና ምስጥ ቶሎ ያፈርሱታል። ብሎኬት ዋጋው ቢወደድም ጥገናው ያንሳል።

ብዙ ጊዜ ችግር የሚመጣው አሮጌውና አዲሱ በሚገናኙበት ቦታ ነው። ሁለቱ ግድግዳዎች እኩል ስለማይሰምጡ አጥብቆ ማያያዝ ስንጥቅ ያመጣል። በጣሪያዎቹ መካከልም ሰፊ አሸንዳ ያስፈልጋል፤ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ እዚያ ላይ አይምርም።

ገንዘቡ ካልበቃ መሠረቱን፣ ግድግዳውንና ጣሪያውን በበጋ ጨርሶ ልስኑንና ወለሉን ለቀጣዩ ዓመት ማሳደር ያዋጣል። መጸዳጃ ቤቱ ከነባሩ መስመር ቢጠጋ የቱቦ ወጪ ይቀንሳል፤ አዲሱ ክፍል የራሱ በር ቢኖረው ደግሞ ሊከራይ ይችላል። የግንባታ ፈቃዱ ግን ቁፋሮ ሳይጀመር መውጣት አለበት።