የጀልባዪቱ ዓመተ ምሕረት

ሰው ሌላ ሰው የተገለገለበትን ዕቃ ሊገዛ ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «የስንት ዓመተ ምሕረት ነው?» ብሎ ነው። መኪናም ቢሆን፥ የልብስ ስፌት መኪናም ቢሆን፥ ጀልባም ቢሆን ጥያቄው አንድ ነው። ጥያቄው ክፉ አይደለም፤ ዕድሜ የሚናገረው ነገር አለውና። ነገር ግን ዕድሜ የሚናገረውን ሰምቶ አያያዝ የሚናገረውን ሳይሰማ የሚሄድ ሰው የነገሩን እኩሌታ ብቻ ይዞ ይሄዳል። እኔም እኩሌታውን ይዤ ሄጄ ስለ ነበር፥ የደረሰብኝን ለወጣቶች ብጽፈው ከኪሳራዬ ጥቂት ትርፍ ይገኝበት ይሆናል ብዬ አሰብሁ።

የምኖረው በአሜሪካ በሚኒሶታ ክፍለ ግዛት ነው። ይህ አገር እያንዳንዳቸው ከ10 ኤከር የሚሰፉ 11,842 ሐይቆች ስላሉበት፥ ዓሣ ማጥመድ ለሕዝቡ የቤተ ሰብ ልማድ ነው። እኔም በጣና ዳር ተወልጄ ያደግሁ ነኝና የውሃ ናፍቆት አልለቀቀኝም። በ2016 (ዓመታቱን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው) ዐሥራ አንድ ዓመት የሆናትን ልጄን ዓሣ ማጥመድ ላስተምራት ቈርጬ፥ ያገለገለች ጀልባ መፈለግ ጀመርሁ። ወልአይ የተባለውን ዓሣ ማጥመድ የሚፈቀድበት ወራት በሜይ አጋማሽ ስለሚከፈት በዚያን ጊዜ ገዢ ሁሉ ይጣደፋል፤ እኔም ከተጣደፉት አንዱ ነበርሁ። የቸኰለች አፍሳ ለቀመች የሚባለውን ተረት የማውቀው በቃል ብቻ ነበር።

ዋጋቸው እኩል የሆነ ሁለት ጀልባዎች አገኘሁ። አንደኛዪቱ በ1988 የተሠራች፥ ርዝመቷ 16 ጫማ የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። ባለቤቷ ሽማግሌ ሰው ነው። ቀለሟ ደብዝዟል፤ ወንበሮቿም የተጣፉ ናቸው። ሽማግሌው በመኪና ማቆሚያው ውስጥ ሸራዋን ገልጦ ካሳየኝ በኋላ አንድ አሮጌ ደብተር አወጣ። በደብተሩ ላይ የማርሽ ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ ሻማ የተቀየረበት ቀን፥ ለብርድ ወራት ሞተሩ የታሸገበት ቀን፥ ሁሉም በእርሳስ ተጽፏል። «ይህች ሪቬት ውሃ ታስገባ ነበር፤ በ2009 አስጠግኛታለሁ» ብሎ ጣቱን አኖረባት። እኔ በትሕትና ሰማሁት እንጂ ልቤ ከእርሱ ጋራ አልነበረም።

ሁለተኛዪቱ 17 ጫማ የሆነች የፋይበርግላስ ጀልባ ናት፤ ቀይ ቀለሟ እንደ መስታወት ያበራል። ሻጩ «የ2003 ሞዴል ናት» አለኝ። ወዳጆቼም «ሃያ ስምንት ዓመት የሞላት ጀልባ ምን ታደርግልሃለች? ከ2000 በፊት የተሠራ ነገር እንዳትገዛ» ብለው መከሩኝ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንደሚባል፥ በወረቀቱ ላይ የተጻፈውን 2003 ይዤ አልለቅም አልሁ። ደብተር አለህ ወይ ብዬም ሻጩን አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ ዓመተ ምሕረት ከንቱ ነው የምል እንዳይመስልህ፥ የሚጠቅመውን አስቀድሜ ላስረዳ። በአሜሪካ ከ1972 መጨረሻ ወዲህ በተሠራ ጀልባ ሁሉ ላይ፥ ከኋላው በስተቀኝ፥ 12 ፊደላትና አኃዞች ያሉት የቀፎ መለያ ቁጥር አለ። ከኦገስት 1984 ወዲህ በጸናው ደንብ ዘጠነኛው ምልክት ወሩን የሚያመለክት ፊደል ነው፤ ዐሥረኛው የተሠራችበት ዓመት የመጨረሻ አኃዝ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ የሞዴሏን ዓመት ይናገራሉ። ስለዚህ በኦክቶበር 2002 የተሠራች ጀልባ የ2003 ሞዴል ተብላ ትሸጣለች። እኛ አዲሱን ዓመት በመስከረም እንደምንቀበል፥ ጀልባ ሠሪዎችም ዘመናቸውን ከጃንዋሪ አስቀድመው ይለውጣሉ ማለት ነው።

ደግሞም ሊታለፉ የማይገባቸው ዓመታት አሉ። ከኦገስት 1978 ወዲህ የተሠሩ፥ ከ20 ጫማ የሚያጥሩና ሞተራቸው ከኋላ የሚታሰር ጀልባዎች ውሃ ቢሞላቸው እንኳ ሳይገለበጡ ተደላድለው እንዲንሳፈፉ የመንግሥት ደንብ ያዝዛል፤ ለዚህም ሲባል በወለላቸው ሥር ፎም ይሞላል። በሞተርም በኩል በ1996 የወጣው የጢስ ደንብ ከ1998 ሞዴል ጀምሮ እስከ 2006 ድረስ በየዓመቱ እየጠበቀ ስለ ሄደ፥ ብዙ ነዳጅ ሳይቃጠል የሚያፈስሱት የቀድሞዎቹ ባለ ሁለት ምት ሞተሮች ቦታቸውን ቀስ በቀስ ለአዳዲሶቹ ለቀቁ። ጆንሰንና ኤቪንሩድ የተባሉትን ሞተሮች ይሠራ የነበረው ኩባንያም በዲሴምበር 2000 በኪሳራ ተዘግቶ ሥራው ወደ ሌላ እጅ አለፈ፤ ኤቪንሩድም በ2020 መሠራቱ ጨርሶ ቆመ። የመለዋወጫ ነገር የሚያሳስበው ገዢ ይህን የመሰለውን ማወቅ ይገባዋል።

ከዚህም ሌላ አንዲት ጀልባ ሦስት ዓመታት እንጂ አንድ ዓመት የላትም፤ የቀፎዋ፥ የሞተሯና የተጎታቿ። የእኔ ቀይ ጀልባ ቀፎዋ በእውነት የ2003 ነበር። ሞተሯ ግን የ1999 ሆኖ ተገኘ። በተጎታቹ ጎማ ላይ ያሉትን አራት አኃዞች በኋላ ባነብባቸው 3506 ይላሉ፤ ይኸውም ጎማው በ2006 በ35ኛው ሳምንት የተሠራ ነው ማለት ነው። ሻጩ አልዋሸኝም፤ እኔ የጠየቅሁት አንዱን ዓመት ብቻ ነበርና።

በጁላይ ወር አንድ ቅዳሜ ከልጄ ጋራ ወደ ሚል ላክስ ሐይቅ ሄድሁ። ይህ ሐይቅ ከሚኒያፖሊስ በስተሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ስፋቱ ከ500 ካሬ ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ ጥልቀቱ ግን ከ13 ሜትር እምብዛም ስለማያልፍ፥ ነፋስ በተነሣ ጊዜ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ይሆናል። ቀትር ላይ ነፋሱ ተነሣ። ወደ ዳር ለመመለስ ሞተሩን ብጨምር ሞተሩ የታሰረበት የኋላ ግድግዳ እንደ ልቅ በር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ወዲያው እግሬን ውሃ ነካኝ። ልጄን ወደ ፊት እንድትቀመጥ አዘዝኋት፤ እኔም ሞተሩን አቀዝቅዤ በባልዲ መቅዳት ጀመርሁ። የመንሳፈፊያ ሰደርያዋን በሁለት እጇ ይዛ ዝም ብላ ታየኛለች። አንድም ቃል አልተናገረችም፤ ያ ዝምታዋ እስከ ዛሬ ድረስ ከጆሮዬ አልወጣም። በአጠገባችን ያልፉ የነበሩ ሁለት አጥማጆች ገመድ ወርውረው ጎትተው ዳር ባያደርሱን ኖሮ ነገሩ ምን ይሆን እንደ ነበር ማሰብ አልወድም።

ጠጋኙ የኋላውን ግድግዳ በከፈተው ጊዜ፥ በፋይበርግላሱ መካከል ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ ቡና አተላ በእጁ ላይ ፈረሰ። የቀድሞው ባለቤት የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ ሊያስር ግድግዳውን በስቶ ቀዳዳውን በማስቲሽ ሳይደፍነው ኖሯል። በዚያች በጠባብ ቀዳዳ ውሃ እየገባ እንጨቱን አበሰበሰው፤ በብርድ ወራትም ያለ ሸራ በደጅ ስለ ከረመች፥ የገባው ውሃ በረዶ እየሆነ ስንጥቁን አሰፋው። በወለሉ ሥር ያለው ፎም ደግሞ ውሃ ጠጥቶ ነበር፤ ብናስመዝናት ከተጻፈው ክብደቷ 180 ኪሎ ግራም ያህል በለጠች። ይንሳፈፍልናል ብለን የተማመንንበት ነገር ራሱ ሸክም ሆኖ ነበር።

ይህን ሁሉ ከመግዛቴ በፊት ማወቅ እችል ነበር። ግድግዳውን በመዶሻ እጀታ ቀስ አድርጎ መምታት ነው፤ ደኅና እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ የበሰበሰው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል። ሞተሩን ወደ ላይ አዘንብሎ በእጅ ጫን ቢሉት ደካማ ግድግዳ ይንቀሳቀሳል። የማርሹን ዘይት ጥቂት አፍስሶ ማየት ነው፤ ወተት ከመሰለ ውሃ ገብቶበታል። የሞተሩን ሲሊንደሮች ግፊት አስለክቶ ልዩነታቸው ከመቶ ዐሥር እንዳይበልጥ ማረጋገጥ ነው። የአሉሚኒየም ጀልባ ከሆነች በየብስ ላይ እንዳለች ውሃ ሞልቶ ከሥር የምታፈስሰውን ሪቬት መቍጠር ነው። ይህ ሁሉ ከግማሽ ቀን አይበልጥም። እኔ ግን ግማሽ ቀን ቈጥቤ የልጄን ሕይወት ለአደጋ ሰጠሁ።

በዚያን ጊዜ የልጅነቴ ዘመን ትዝ አለኝ። በጣና ነገደ ወይጦ ከደንገል የሚሠሯት ታንኳ ዕድሜዋ ከአንድ ዓመት እምብዛም አያልፍም። ደንገሉ ውሃ ስለሚጠጣ፥ ከውሃ በወጣች ቍጥር ዳር ላይ አቁመው ፀሐይ ያስመቷታል። አጎቴ ታንኳ ሲዋስ «መቼ ተሠራች?» ብሎ ሲጠይቅ አልሰማሁትም፤ «ስንት ቀን ፀሐይ መታት?» ይል ነበር እንጂ። ይህን ዕውቀት ከአገሬ ይዤ ወጥቼ ሳለ፥ ቀለም ያበራበት ፋይበርግላስ ባየሁ ጊዜ ረሳሁት።

እስከዚህ የነገርኋችሁ ስለ ሞኝነቴ ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን ከሞኝነት የከፋ ነው። ጠጋኙ የጠየቀኝ ዋጋ ከጀልባዪቱ ዋጋ ይተካከል ስለ ነበር፥ ቀዳዳውን በማስቲሽ አስደፍኜ፥ ከላዩ ቀይ ቀለም አስቀብቼ ለሽያጭ አቀረብኋት። «እኔን ማን ነገረኝ?» እያልሁ ኅሊናዬን አስተኛሁት። ብዙ ሳይቆይ አንድ ወጣት የአገሬ ልጅ መጣ። ትንሽ ልጁ በመኪናው የኋላ ወንበር ተኝቷል። ጀልባዪቱን ዞሮ አያትና፥

«ጋሼ፥ የስንት ዓመተ ምሕረት ናት?» አለኝ።

«የ2003» አልሁት። እውነት ነበር።

«እንግዲያውስ አዲስ ናት በሉኛ» ብሎ ገንዘቡን ሊያወጣ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ። በዚህ መካከል ልጄ ከቤት ወጣች። ያን ቀን በሐይቁ ላይ ለብሳው የነበረውን ሰደርያ ይዛ ነበር። «አባዬ፥ ይህን ለልጁ ስጥልኝ፤ ያስፈልገዋል» አለችኝ።

ነገሩን አውቃ ትናገረው፥ ወይም በየዋህነት ትናገረው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። እኔ ግን በዚያ ሰው ፊት መቆም አቃተኝ። «ወንድሜ፥ ገንዘብህን መልስ» አልሁትና የተቀባውን ቦታ በመዶሻ እጀታ መታሁለት፤ የታፈነውን ድምፅ ሰማ። ያየሁትንም ሁሉ ነገርሁት። ወጣቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ ልጁ የተኛበትን መኪና ከተመለከተ በኋላ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ፥ ጋሼ» ብሎ ሄደ። ሞተሩንና ተጎታቹን ለየብቻ ሸጬ ከ6,000 ዶላሩ 1,900 ብቻ ተመለሰልኝ፤ ቀፎዋን ለማስጣል ደግሞ ከኪሴ ከፈልሁ። ወደ ሽማግሌው ብደውልም የአሉሚኒየሟ ጀልባ ያን ጊዜውኑ ተሸጣለች።

በሚቀጥለው ዓመት ያ ወጣት «ጋሼ፥ ጀልባ ልገዛ ነውና አብረውኝ ይዩልኝ» ብሎ ጠራኝ። በ1991 የተሠራች የአሉሚኒየም ጀልባ ነበረች። ባለቤቷ ገና ሳንጠይቀው ሁለት የሚያፈስሱ ሪቬቶች እንዳሉ ነገረን። ውሃ ሞልተን ብናይ ሁለት ብቻ ናቸው። ወጣቱ ዐይኑን ወደ እኔ መለሰ፤ እኔም «ግዛ» አልሁት። ዛሬም እኔና ልጄ ወደ ሐይቅ የምንወርደው በእርሱ ጀልባ ተጋብዘን ነው።

እንግዲህ ወጣት ወንድሜ፥ እኅቴም፥ ያገለገለች ጀልባ ለመግዛት የትኛው ዓመት ይሻላል ብትሉኝ መልሴ ይህ ነው። በመጀመሪያ ደንቡ የሚጠብቅህን ዓመትና መለዋወጫ የሚገኝለትን ዓመት ምረጥ፤ ይህ የወረቀቱ ድርሻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን በየዓመቱ ማን እንዴት እንደ ያዛት ጠይቅ፤ ጉድለቷንም ሳይጠየቅ የሚነግርህን ሻጭ ፈልግ። ከዚህ ሁሉ በላይ ያ ሻጭ አንተ ራስህ የሆንህ ቀን እንዴት እንደምትናገር ከወዲሁ ቍረጥ፤ ገዢው ገንዘቡን ካወጣ በኋላ መቍረጥ እጅግ ይከብዳልና። እኔ «የ2003» ባልሁ ጊዜ አልዋሸሁም፤ ነገር ግን በእውነተኛ ቍጥር ሰውን ማታለል እንደሚቻል ያን ቀን ከራሴ አፍ ተማርሁ።