«ምንም አልወስድም»

«የሚወስዱት መድኃኒት አለ፣ አባ?»

«ምንም የለም፣ ልጄ።»

ከሐይቅ ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ለኩላሊት ጠጠር ደሴ የወጣ ሽማግሌ እንዲህ ሲመልስ አይዋሽም። ጠዋት ጠዋት የሚውጣት አስፒሪን «የልብ ኪኒን» እንጂ መድኃኒት አይደለችም። ወገቡን ሲቆርጠው ያለ ወረቀት የሚገዛው ዳይክሎፌናክ «ማስታገሻ» ነው። በእኛ ቤት መድኃኒት ማለት ሐኪም ሰሞኑን የጻፈው ብቻ ነው። ሁለቱም ግን ደም ቶሎ እንዳይረጋ ያደርጋሉ።

* * *

«በትንሽ ቀዳዳ ነው የሚሠራው» ሲባል ሁላችንም እፎይ እንላለን። እውነት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1976 ስዊድን ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ ጠጠርን በጀርባ በኩል ጣት በምታህል ቀዳዳ ገብቶ ማውጣት ተለምዷል። ጭራሽ ሳይበሱ ቀጭን ካሜራ በሽንት መውጫ አስገብተው በሌዘር የሚፈጩም አሉ። ቀዳዳው ሲያንስ ደሙም የሚያንስ ይመስለናል። ኩላሊት ግን ልብ ከሚረጨው ደም አንድ አምስተኛውን ያህል የሚቀበል ሥጋ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርጉት ዋርፋሪንና ክሎፒዶግሬል ብዙ ጊዜ አምስት ቀን ያህል ቀድመው የሚቆሙት ለዚሁ ነው። በገዛ እጅ ማቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው፤ ልቡ ውስጥ ስቴንት የገባለት ሰው ማንንም ሳይጠይቅ ቢያቋርጥ ከጠጠሩ የባሰ ሊገጥመው ይችላል።

* * *

አክስቴ ለኩላሊት ጠጠሯ ታምሱሎሲን ታዘዘላት። የሽንት ቧንቧን ጡንቻ የሚያላላ ኪኒን ነው፤ ጠጠሩ ትንሽ ከሆነ በራሱ እንዲወርድ፣ ካልወረደም ካሜራው ሳይታገል እንዲያልፍ ይረዳል። መድኃኒት ቤት ስትደርስ ሻጩ ልጅ ወረቀቱን አየና፣ «እማማ፣ ይሄ እኮ የወንድ ነው፤ የፕሮስቴት» አላት። ሰው ፊት! ነጠላዋን አፏ ላይ ጣል አድርጋ ወጣች። አልገዛችም፤ ለሐኪሙም አልነገረችም።

ልጁ የተናገረው ሐሰት አልነበረም። መጀመሪያ የወጣው ለፕሮስቴት ነው። ግን ያው ዓይነት ጡንቻ በሴትም በወንድም የሽንት ቧንቧ ላይ አለ። ይልቅ ሊነግራት የሚገባው ሌላ ነበር፦ ከአልጋ ብድግ ስትል ሊያዞራት እንደሚችል። ለዓይን ሞራ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የምትሄድ ከሆነ ደግሞ ይህን ኪኒን መውሰዷን ለዓይን ሐኪሙ እንድትናገር፤ ቀዶ ሕክምናው ላይ የዓይን ብሌንን ያስቸግራል።

* * *

«ከ6 ሰዓት ጀምሮ ምንም እንዳይቀምሱ።»

የቀዶ ሕክምናው ዋዜማ ነው፤ ነርሷ የሌሊቱን 6 ሰዓት ማለቷ ነው። ያ የሐይቁ ሽማግሌ ከቀትር ጀምሮ ጾመ። ወሎ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ጾም ያውቃል፤ ማንም አላጉረመረመም። ችግሩ የመጣው ጠዋት ነው፤ ግፊቱ ሲለካ ሰቅሏል። የግፊት ኪኒኑን፣ አምሎዲፒኑንስ? «ምንም አትቅመስ ብላችሁኝ?» አለ። ያቺን ኪኒን በአንድ ጉንጭ ውኃ ዋጥ ማድረግ ይፈቀድ ነበር። የስኳሩ ሜትፎርሚን ግን ያን ዕለት ጠዋት የሚዘለል ነው። አንዱ ይዋጣል፣ አንዱ ይቀራል፤ «ምንም» የሚለው ቃል ይህን ሁሉ ዋጠው።

* * *

ከቀዶ ሕክምናው በፊት የሚታዘዘው፣ ከልቸር የሚሉት የሽንት ምርመራ ውጤቱ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። ከሐይቅ ለመጣ አስታማሚ ይህ ማለት የአልቤርጎ ሒሳብ ነው። ስለዚህ አንዳንዱ ከጎረቤት የተረፈችውን ሁለት ፍሬ ሲፕሮ የሚባል አንቲባዮቲክ ውጦ ሽንቱን ይሰጣል። «ቀድሜ ላጥራው ብዬ ነው።» ውጤቱ «ምንም አልበቀለም» ብሎ ይመጣል። ተሕዋሲው ግን ጠጠሩ ውስጥ ተወሽቋል። ጠጠሩ ሲፈጭ ይበተናል፤ ለማጠቢያ የሚገባው ውኃ ገፍቶ ደም ውስጥ ይከተዋል። ቀዶ ሕክምናው ሊጀመር ሲል የምትሰጠው የአንቲባዮቲክ መርፌ በትክክል የምትመረጠው በከልቸሩ ነው። ለውሸታም ከልቸር ትክክለኛ መርፌ ከየት ይመጣል?

* * *

የሐይቅ ከተማው ሐይቃችን ወንዝ ይገባበታል እንጂ ወንዝ አይወጣበትም፤ ያም ሆኖ ዓሣ ያኖራል። ኩላሊት ላይ እንዲህ ያለ ተአምር የለም። መውጫው በጠጠር ተዘግቶ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከመጣ ኪኒን ብቻውን አይበቃም፤ በዚያው ቀን ቱቦ ገብቶ ሽንቱ መውረድ አለበት። ጠጠሩ ይቆያል። «አብሽር፣ ይሻልሃል» ብሎ ማሳደር እዚህ ላይ አይሠራም።

* * *

«ጠጠር የሚያቀልጥ» እየተባለ የሚሸጠው ሁሉ አያቀልጥም። በመድኃኒት የሚሟሟው ከዩሪክ አሲድ የተሠራው ነው። አብዛኛው ጠጠር ደግሞ ካልሲየም ነው።

* * *

የዚያ ሽማግሌ ልጅ በኋላ ከትራሱ ሥር አንድ ጥቁር ፌስታል አወጣች። አስፒሪኑ፣ ዳይክሎፌናኩ፣ አምሎዲፒኑ፣ ሜትፎርሚኑ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ አንድ ቅጠል። ሐኪሙ አንድ በአንድ አልጋው ላይ ደረደራቸውና ቀጠሮውን በሳምንት ገፋው።

እናንተም ቀጠሮ ካላችሁ ፌስታሉን እንዳለ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቅጠሉንም ጭምር።