ሎሑ ከመታጠቡ በፊት

መቼም እንደ ታብሌት ስሙ የተምታታ ዕቃ የለም። ጠና ያልን ሰዎች ታብሌት ሲባል ቀድሞ የሚታየን "ጠዋት ሁለት፣ ማታ ሁለት" ተብሎ የሚታዘዘው ኪኒን ነው። እንግሊዝኛውን መጽሐፍ ቅዱስ የገለጠ ሰው ደግሞ ሙሴ ከሲና ተራራ ይዞት የወረደው ጽላትም በዚሁ ስም እንደሚጠራ ያውቃል። የዛሬው ታብሌት ከሁለቱም የወረሰው ነገር ሳይኖር አይቀርም። እንደ ኪኒኑ ልክ አለው፤ ከልኩ ካለፈ ይጎዳል። እንደ ጽላቱ ደግሞ አንድ ቤት ከገባ ሕግ ይዞ ነው የሚገባው።

እኛ ቤት ያለው ሰባት ኢንች ነው፤ ከተማሪ ደብተር አነስ ይላል። የመጣው ከድሬዳዋ ሲሆን ስሙን ብነግራችሁም አታውቁትም። ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ስምና ሲበራ ብልጭ የሚለው ስም እርስ በርስ አይተዋወቁም። ሻጩ "32 ጊጋ ነው" ብሎ ሸጠልን፤ አልዋሸም። ብቻ ግማሽ ገደማውን አብሮት የመጣው ሲስተም ቀድሞ ይዞታል። ባለ ሁለት ክፍል ቤት ተከራይቶ አንዱ ክፍል የአከራዩ ዕቃ መቆለያ ሆኖ እንደማግኘት ያለ ነገር ነው። ያም ሆኖ የአቅማችን ነውና እንኳን ደህና መጣህ ብለን ተቀበልነው።

የምንኖረው ጭሮ ነው። በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ ብላችሁ የምታውቋት ትኖራላችሁ። ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ድሬዳዋ ስትጓዙ አዋሽንና ሚኤሶን አልፋችሁ የጨርጨርን ዳገት ስትያያዙት የምትቀበላችሁ፣ የምዕራብ ሐረርጌ ዞን ዋና ከተማ ናት። ጫት የጫነ አይሱዙ እሳት ሊያጠፋ የሚሄድ ይመስል የሚከንፍባት፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ በርጫው ሲጀመር ጊዜ ራሱ ጋደም የሚልባት ከተማ ናት። ኮረንቲ ግን በርጫም ሥራም ሳይል ደስ ባለው ሰዓት ይሄዳል።

ሕግ ይዞ ይገባል ያልኩት ለጨዋታ አይደለም። ዕቃው መጀመሪያ የበራ ዕለት የባለቤቱን ስም ጠየቀ። ስድስት ሰው ከብቦታል። የማን ስም ይጻፍ በሚለው ላይ ክርክሩ ሲከር ትልቋ ልጄ "ቤት" ብላ ጻፈችበትና ተገላገልን። ፈረንጅ ሲሠራው ለአንድ ሰው ብሎ ነው፤ አንድ ፊት፣ አንድ ጣት፣ አንድ የይለፍ ቃል። እኛ ዘንድ ሲደርስ ግን የያዘው የድሮውን የሬዲዮ ቦታ ነው። ኮመዲኖው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ፣ የሁሉም ሆኖ ተቀመጠ።

የሁሉም የሆነ ነገር ተራ ይፈልጋል። ከትምህርት ቤት መልስ የትንሹ ልጅ ነው፤ ካርቱኑን ያያል። አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የአማቴ ነው። እሳቸው ዐረብ አገር ያለችው ልጃቸው የላከችውን ድምፅ ያዳምጣሉ፤ አዲስ ከሌለ የቆየውን ይደግሙታል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት በኋላ ደግሞ 12ኛ ክፍል የደረሰችው ትልቋ ልጄ ትረከበዋለች። ከዚያ ወዲያ ማንም አይነካውም። እኔ? እኔማ ሁሉም ሲተኛ፣ ባትሪ ከተረፈ።

ርካሽ ታብሌት ያለው ሰው ሁለት ነገር ማወቅ አለበት። አንደኛው፣ ራም የሚሉትና ማከማቻው አንድ አለመሆናቸው ነው። ማከማቻው ጎተራ ነው፤ ራሙ ደግሞ እህሉ የሚለቀምበት ሰፌድ። የእኛ ሰፌድ ጠባብ ናት። መጽሐፍ ከፍታችሁ ደግሞ ቪዲዮ ከከፈታችሁ መጽሐፉን ከሰፌዷ ላይ ትደፋዋለች፤ ስትመለሱ ከመጀመሪያው ገጽ ትጀምራላችሁ። መድኃኒቱ አንድ ሥራ በአንድ ጊዜ ነው። ይኼን ምክር ከዕቃው በፊት እናቶቻችንም ሲሰጡን ነበር። ሁለተኛው ባትሪው ነው። ሊቲየም ባትሪ ሙቀትን አይወድም፤ ትራስ ሥር አድሮ ቻርጅ የሚደረግ ታብሌት ዕድሜውን እየበላ ነው። ሙጥጥ ብሎ እስኪያልቅ መጠበቁም፣ መቶ ሞልቶ ሌሊቱን ሙሉ ተሰክቶ ማደሩም ያደክመዋል፤ ከ20 እስከ 80 በመቶ ባለው መካከል ሲውል ይበረክታል። ኮረንቲ ሲሄድም ነቀል ማድረግ ነው፤ ሲመለስ በምን ዓይነት ጉልበት እንደሚመጣ አይታወቅምና።

ስለ ታብሌትና ስለ ልጆች ዓለም የሚያወራው አንድ ትልቅ ታሪክ የተሠራው እዚሁ እኛው አገር ነው፤ አንዱ መንደር እንዲያውም በእኛው መንገድ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2012 "ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ" የተባለው የአሜሪካኖች ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ፊደል ላልቆጠሩ ልጆች በፀሐይ ኃይል የሚሞሉ ታብሌቶችን ሰጠ። ወለንጪቲ ማለት ከአዳማ ወጥታችሁ ወደ እኛ ስትመጡ የምታልፏት ናት። ታብሌቶቹ ካርቶናቸው እንደታሸገ ያለ አስተማሪ ተቀመጡ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ ሲናገሩ፣ አንዱ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በሁለት ሳምንት ልጆቹ የእንግሊዝኛ ፊደል ዘፈን ይዘፍኑ ጀመር፤ በአምስት ወር ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ራሳቸው ከፈቱት አሉ። ዓለም ጉድ አለ።

እኔ ጉድ ያልኩት በሌላው ነው። ያ ታሪክ ሲወራ የሚረሱ ነገሮች አሉ። እያንዳንዱ ልጅ የየራሱ ታብሌት ነበረው። የፀሐይ ኃይል መሙያ ተተክሎላቸዋል። በየሳምንቱ ደግሞ ባለሙያ እየሄደ ሚሞሪ ካርዱን ይቀይር ነበር። የልጅ ጭንቅላት መክፈቻ እንደማያጣ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፤ የሐረርጌ ልጅ የተዘጋ ነገር አይወድም። የቸገረው አእምሮው ሳይሆን ብዛቱ ነው፤ አንድ ዕቃ ለስድስት።

ይኼ የብዛት ነገር ቀልድ መሆኑ የሚያበቃው ትምህርት ላይ ሲደርስ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲገባ የታተመው መጽሐፍ ለሁሉ አልደረሰም። ቀድሞ የደረሰው ፒዲኤፉ ነው፤ በቴሌግራም ከእጅ እጅ እየዞረ መጣ። መምጣቱን አልነቅፍም፤ ባይመጣ ባዶ እጅ ነበር። ነገር ግን አስተውሉት። መጽሐፍ የትምህርት ቤቱ ዕዳ ነበር፤ በፒዲኤፍ ሲመጣ የቤተሰቡ ዕዳ ሆነ። ስልክ ወይ ታብሌት ያለው ቤት መጽሐፍ አለው፤ የሌለው የለውም። በእኛ ጊዜ አንድ መጽሐፍ ለሦስት ሲደርሰን ከብበን እናነብ ነበር፤ ክፉ ቀን ሲመጣም ስፌቱን ፈትተን ምዕራፍ ምዕራፉን እንከፋፈላለን። ታብሌት ለሦስት አይቀደድም።

ፈተናው ደግሞ አይጠብቅም። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 በመቶ ሆኑ። ከፍ አለ ብንል እንኳ ከመቶ ልጅ ከዘጠና በላዩ ወድቆ ነው። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ የተወሰኑት ተፈታኞች በወረቀት ሳይሆን በኮምፒዩተር ተፈትነዋል። ስክሪን ነክቶ የማያውቅ ልጅ ጥያቄውንም ዕቃውንም በአንድ ጊዜ ሊፈታ ነው ማለት ነው። በዚህ ዓይን ስታዩት ኮመዲኖው ላይ ዳንቴል የለበሰው ነገር መጫወቻ አይደለም። የጎረቤታችን ልጅ፣ እናቷ ጉሊት ጫት የምትሸጠው፣ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ከልጄ ጎን የምትቀመጠው ካርቱን ናፍቋት አይደለም።

ታዲያ በዚህ መሀል ጎተራው ሞላ። "ቦታ የለም" የሚል ጽሑፍ በየደቂቃው ብቅ ይል ጀመር። ሚሞሪ ካርድ ጨምሩበት የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጨምረናል። ገበያ ላይ ካለው ውስጥ ላዩ ላይ 64 ተብሎ ሆዱ የዚያን እሩብ የማይሞላ አለ፤ ከሆዱ በላይ ሲጫንበት የቀደመውን ይበላል። የእኛም ከዚያው ዘር ሆኖ ተገኘና አወጣነው። ስለዚህ የሆነ ነገር መጥፋት አለበት። ትንሹ ልጅ ባዮሎጂው ይጥፋ አለ። ትልቋ ካርቱኑ ይጥፋ አለች። አማቴ ምንም አላሉም፤ ታብሌቱን ብቻ አንስተው እቅፋቸው ውስጥ አደረጉት።

ነገሩን የፈቱልን ሆጃቸውን ይዘው በረንዳችን ላይ የተቀመጡት ሽማግሌ ጎረቤታችን ናቸው። ትንሹ ልጅ ሊያጠፋ ጣቱን ሲያነሣ፣

"አንተ ልጅ፣ ሸምድደኸዋል?" አሉት።

"ምኑን፣ አባባ?"

"የምታጥበውን!"

አልገባውም። በአካባቢያችን ቁርአን ቤት የሚሄድ ልጅ ሎሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ አለው። ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም የዕለቱ አንቀጽ ይጻፍበታል። ሎሑ የሚይዘው አንድ ገጽ ያህል ነው። ልጁ ያችን ገጽ በቃሉ እስኪወጣት ድረስ ይደግማታል፤ ለኡስታዙ ያሰማል። ያለ ስህተት ካሰማ ሎሑ ይታጠባል፣ ቀጣዩ ይጻፍበታል። ካላሰማ ውሃ አይነካውም። ሽማግሌው በልጅነታቸው ያለፉበት ይኼው ነው። ለእሳቸው ሎሕ ማለት የጠበበ ዕቃ አይደለም። የሰሌዳው ቁመት የልጁን የቀን ሥራ የሚለካ መስፈሪያ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቱ አዲስ ሕግ አወጣ። ያልተጻፈ፣ ያልተያዘ ነገር አይጠፋም። ልጄና ጓደኛዋ አንዱን ምዕራፍ ከስክሪኑ አንብበው ፍሬ ነገሩን በራሳቸው ቋንቋ ወደ ደብተር ይገለብጣሉ። ከዚያ አንዷ ደብተሯን ዘግታ ለሌላዋ ታስረዳለች። አስረድታ ከተወጣችው የዚያ ክፍል ማስረጃ፣ ቪዲዮው፣ የጥያቄው ወረቀት ይታጠባል፤ ለቀጣዩ ቦታ ይለቀቃል። መገልበጡ ጊዜ ይፈጃል፤ አዎ። ግን አስታውሱ፣ በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማ ገባችሁ አልገባችሁ ሳይል እየነጎደ ያልፍ ነበር። ይኼ ደካማ ታብሌት ቢያንስ ቁም ሲሉት ይቆማል። ትንሹም ልጅ ካርቱን ከማጥፋቱ በፊት ታሪኩን ለአያቱ እንዲያወራ ተፈረደበት፤ አሁን ለማጥፋት ሳይሆን ለማውራት ነው የሚከፍተው።

ሕጉ የተሸነፈው አንድ ቦታ ላይ ነው። ትንሹ ልጅ፣ የሕግ ሰው ሆኖ፣ አማቴን ጠየቃቸው።

"እማማ፣ የአክስቴን ድምፅ በቃልዎ ያውቁት የለ? ታዲያ ይታጠብ።"

እውነቱን ነው፤ ከሰላምታው እስከ ስንብቱ አንድ ቃል ሳይስቱ ይሉታል። አማቴ ግን፣ "ቃሉን ይዤዋለሁ ልጄ" አሉት፤ "ድምፁን እንዴት አድርጌ ልያዘው?"

ማንም መልስ አልነበረውም። የአክስቱ ድምፅ አለ፤ ማንም አይነካውም። እንግዲህ ከጎተራው ውስጥ የዘላለም ቦታ የሚገባው በቃል የማይያዘው ነው ማለት ነው። የቀረው ሁሉ፣ ባዮሎጂውም ካርቱኑም፣ ጭንቅላት ውስጥ ገብቶ ለተረኛው ቦታ ሊለቅ የመጣ ነው።

ይኼን ስጽፍ ድህነትን እያሞገስኩ እንዳይመስላችሁ። ጥበብ የወለደው ጠባብነት ነው ብለን ጠባብነትን ልንሰብክ አይገባም። እነዚያ ሁለት ልጆች የየራሳቸው የታተመ መጽሐፍ ቢኖራቸው ታብሌቱ መጽሐፍ መሆኑ ቀርቶ መጽሐፍ የማይችለውን ይሠራላቸው ነበር፤ የማይታየውን ሕዋስ ያሳያቸዋል፣ ያልገባቸውን ይደግምላቸዋል። ሰባት ኢንች ዕቃ የመጽሐፍ መጋዘን፣ የቴሌቪዥን፣ የፖስታና የአስተማሪ ሥራ በአንድ ላይ ተሸክሞ ቢያቃስት የእሱ ጥፋት አይደለም። ርካሽ ታብሌት ለሚችለው ሥራ ርካሽ ነው፤ የወረቀቱን መጽሐፍ ሥራ ስንጨምርበት ግን ዋጋውን የሚከፍለው ጉሊት የምትቀመጠው እናት ልጅ ናት። ታብሌት ያለው ጎረቤት ያላገኘችዋ ደግሞ ከዚያም የባሰ ትከፍላለች።

እስከዚያው ድረስ ግን ደብተሩ እየወፈረ ነው። ኮረንቲ በሄደበትና ታብሌቱ 5 በመቶ ብሎ ባንቀላፋበት ምሽት ልጆቹ ሻማ ለኩሰው ከደብተሩ ይቀጥላሉ። በእጅ የተጻፈ ነገር ቻርጅ አይጠይቅም።