ግዙፍ ሰው ሲወድቅ

ሸዋ ሮቢት ላይ ግዙፍ ሰው ሥራ አያጣም። የሽንኩርትና የቲማቲም ወቅት ሲደርስ አይሱዙዎች በየማሳው ዳር ይደረደራሉ፤ ያን ጊዜ ትከሻው የሰፋ፣ አንገቱ የደነደነ ጎረምሳ ሁሉ በስሙ እየተጠራ ይፈለጋል። መኪና አሸዋ ውስጥ ሲቀረቀር የሚገፋው እሱ ነው። የወፍጮ ሞተር ሲወርድ ከታች የሚቆመው እሱ ነው። ሕመምተኛ ከሩቅ ቀበሌ በቃሬዛ ሲመጣ የፊተኛውን ጫፍ የሚይዘው እሱ ነው። ሥራ አያጣም እንጂ ክብር ግን ያጣል። አማርኛችን ራሱ ይመሰክርበታል። ቀጭኑን ‹‹ሸንቃጣ››፣ ‹‹መለሎ›› እያለ የሚያሞካሽ አፍ ግዙፉ ጋ ሲደርስ ‹‹ገልጃጃ››፣ ‹‹ግብዳ››፣ ‹‹ጠብደል›› ይላል። ‹‹ደልዳላ›› የምትል አንዲት ደግ ቃል አለችን፤ እሷም አብዛኛውን ጊዜ የምትመዘዘው ገንዘብ ላለው ሰው ነው።

በሩጫ የምንታወቅ ሕዝብ ስለሆንን ይመስለኛል፣ ‹‹ስፖርተኛ›› ሲባል በዓይነ ኅሊናችን የሚመጣው ቀጭን ሰው ነው። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ ቁመቱ 1 ሜትር ከ65 ገደማ ነው፤ ዓለምን የዞረው በዚያች አካል ነው። በአርሲዋ በቆጂ አሠልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ የተማሪ ልጆችን አሯሯጥ እያዩ እነ ደራርቱ ቱሉን፣ እነ ቀነኒሳ በቀለን፣ እነ ጥሩነሽ ዲባባን ኮትኩተዋል። ደጋ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ ሲሮጥ ‹‹ይሄ ልጅ የት ይደርስ ይሆን?›› ብሎ የሚያይ ዓይን አለ። ወደ ቆላው ይፋት ግን ውረዱ። ጣርማ በርን አቋርጣችሁ፣ ደብረ ሲናን አልፋችሁ፣ 3000 ሜትር ከሚዘል ብርድ ወደ 1300 ሜትር ገደማ ሙቀት ተንሸራተቱ። እዚያ ሮቢ ወንዝ ዳር ቆሞ፣ አንድ የሽንኩርት ጫኝ ኩንታሉን እንዴት እንደሚያነሳ በበቆጂው ዓይን ያየ ሰው እስካሁን አላጋጠመኝም።

ዓይኑ ባይመጣም ቪዲዮው መጣ። በ1980ዎቹ መጨረሻ የቪዲዮ ቤት ዘመን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ አግዳሚው ጣውላ፣ መስኮቱ በጆንያ የተጋረደ፤ የሮቢትን የግንቦት ፀሐይ የሚያውቅ አንባቢ የውስጡን ሙቀት ይገምተው። ቀን የሕንድ ፊልም፣ ማታ ደግሞ ‹‹ነጻ ትግል›› ነበር። ነጻ ትግል የምንለው አሜሪካኖቹ በገመድ በታጠረ መድረክ ላይ የሚያሳዩትን፣ አሸናፊው አስቀድሞ የተወሰነበትን ትግል ነው። የተወሰነ ነው የምለው ዛሬ ነው እንጂ ያኔ ‹‹የእውነት ነው››፣ ‹‹የውሸት ነው›› እየተባባለ ስንት ጓደኛ ተኳርፏል። የትርኢቱ ባለቤቶች ራሳቸው እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1989 በኒው ጀርሲ ግዛት ሸንጎ ፊት ሥራቸው መዝናኛ እንጂ ውድድር እንዳልሆነ አምነው ነበር፤ ወሬው ግን ጣርማ በርን ተሻግሮ እኛ ጋ አልደረሰም። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው የውጭ አገር ዓመታትም በእነሱው አቆጣጠር ናቸው።)

ከተመልካቾቹ መካከል አንድ ጫኝና አውራጅ ነበር። ስሙን አልጠራም። ‹‹ትጋርደናለህ›› እየተባለ ሁልጊዜ የመጨረሻው አግዳሚ ላይ ይቀመጣል፤ ከአግዳሚው ጫፍ ድንገት ሲነሳ ከወዲያኛው ጫፍ የተቀመጡት ሚዛን ስተው ይዘረገፋሉ። የማታው ቀልድ ይህ ነበር። ነጋዴ ሽንኩርት በሚመዝንበት ሚዛን ላይ ወጥቶ 118 ኪሎ ሲሆን ከተማው ሁሉ ሰማ። ዕድሜው 19 ቢሆን ነው። እኛ ሁላችን ሆልክ ሆጋንን ስናመልክ እሱ የሚወደው አንድሬን ነበር፤ ፈረንሳዊውን አንድሬ ሩሲሞፍን፤ ሲያስተዋውቁት 2 ሜትር ከ24፣ 236 ኪሎ የሚሉትን ‹‹ግዙፉ አንድሬ››ን። ሆጋን በ1987 አንድሬን ከመሬት አንስቶ የዘረረበት ካሴት እስኪበጣጠስ ድረስ ታየ። እኛ ‹‹እንዴት አድርጎ አነሳው?›› እያልን ስንጯጯህ እሱ ከኋላ ሆኖ ‹‹እንዴት ተነሳለት?›› ይል ነበር። ሞኝ ጥያቄ መስሎን ሳቅን።

በይፋት ገጠር ትግል አዲስ ነገር አይደለም። ከብት ያገደ ሁሉ ታግሏል፤ ጠልፎ ጥሏል፣ ተጠልፎ ወድቋል። ሕጉ አጭር ነው፤ ጀርባው መሬት የነካ ተሸነፈ። በጋ ሲገባና የሮቢ ውኃ ሲሸሽ አሸዋው ሰፊ መታገያ ይሆናል። ያ ልጅ አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ጓደኛውን በፊልም እንዳየው ከደረቱ በላይ አንስቶ ለቀቀው። የተጣለው ጀርባው እንዳይነካ እጁን ወደኋላ ዘረጋ፤ የሁለት ሰው ክብደት በዚያች ክንድ ላይ አረፈ፤ የትከሻው አጥንት ሲሰበር ወንዙ ዳር የቆምነው ሁሉ ሰማን። ወጌሻ ተጠራ፣ ሽማግሌ ተቀመጠ፣ ካሣ ተቆረጠ። ከዚያ ወዲህ ከግዙፉ ልጅ ጋር የታገለ የለም። በፊልም ከሚያየው በቀር እሱም ዳግመኛ አልሞከረም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ ስለ ነጻ ትግል ማሠልጠኛዎች ሳነብ የዚያ ምሽት ነገር ተገለጠልኝ። በእኛ ትግል ጀርባን ማስነካት ሽንፈት ስለሆነ መውደቅን የሚማር የለም፤ ሁሉም የሚማረው አለመውደቅን ነው። ስለዚህ ሲወድቅ ክፉኛ ይወድቃል። እነሱ ዘንድ ደግሞ አዲስ ገቢ ማንንም ከመጣሉ በፊት የሚማረው መውደቅን ነው። አገጩን ወደ ደረቱ ይሰበስባል፣ ትንፋሹን ያወጣል፣ በላይኛው ጀርባው ተዘርግቶ ያርፋል፣ በሁለት ክንዱ ወለሉን ይመታል፤ ምቱ አንድ አጥንት ላይ እንዳይቆም በሰፊው አካል ላይ ይበተናል። መድረኩ እንደምናስበው ፍራሽ አይደለም፤ በብረት ላይ የተነጠፈ ጣውላ፣ ስስ ስፖንጅና ሸራ ነው። እጅ መዘርጋት እዚያ የተከለከለ ነው። ውጤቱ የውሸት ነው ቢባል እንኳ ወለሉ የእውነት ነው።

ለግዙፉ ሰው ግን ይህ ብቻ አይበቃም። ቀጭኑ የሚማረው ራሱን ማዳን ነው፤ ግዙፉ ደግሞ ሌላውን ከራሱ ማዳን አለበት። በ1993 የዓለም ሻምፒዮን ቀበቶ የታጠቀውን ‹‹ዮኮዙና›› የሚያስታውስ ይኖራል። (የሱሞን ከፍተኛ ማዕረግ ስም ይያዝ እንጂ የሳሞአ ዘር ያለው አሜሪካዊ ነበር፤ ሱሞ ታግሎ አያውቅም።) ሲያስተዋውቁት ከ220 ኪሎ በላይ ነው ይሉታል። መጨረሻ ላይ ተቃዋሚውን አስተኝቶ፣ ከማዕዘኑ ገመድ ላይ ወጥቶ በደረቱ ላይ ይቀመጥበት ነበር። ያ ሰውዬ ማታ ማታ በሰው ደረት ላይ እየተቀመጠ የሚተዳደር፣ ከሥሩ የተኛውም በማግስቱ ተነስቶ ቁርሱን የሚበላ ከሆነ፣ ችሎታው ክብደቱ ላይ አልነበረም። ችሎታው ክብደቱን በእግሮቹ ይዞ ማስቀረቱ ላይ ነበር። ቪዲዮ ቤት ውስጥ የሚታየው የሚያርፈው ክብደት ነው፤ የሚቀረውን ካሜራ አያሳይም።

የአንድሬም ምሥጢር ይኸው ነው። በ1986 የጀርባ ቀዶ ጥገና ተደርጎለት ነበር፤ በ1987ቱ ትግል ላይ ቆሞ መሄዱ ራሱ ትግል ነበር። እንዲህ ያለን ሰው ያለ ፈቃዱና ያለ እርዳታው ማንም ከመሬት አያነሳውም። የወንዛችን ልጅ ‹‹እንዴት ተነሳለት?›› ያለው ሞኝ ጥያቄ አልነበረም፤ ከሁላችን ይልቅ ነገሩ የገባው እሱ ነበር። የሚመልስለት አጣ እንጂ።

አንድ የአርጎባ ሽማግሌ ሮቢት ገበያ ላይ ስለ ግመል ሲያወሩ የሰማሁትን እዚህ ባነሳው ደስ ይለኛል። ወጣት ግመል ቁመቱ ያሳስታል፤ ዓይን አይቶ ‹‹አድጓል›› ይላል፤ አጥንቱ ግን ገና ነው። መጀመሪያ መንበርከክና መነሳት ይለምዳል፣ ከዚያ ቀላል ጭነት ይሸከማል፣ ሙሉ ጭነት የሚጫነው ስድስት ዓመት ገደማ ሲሞላው ነው። ቸኩሎ የጫነ ሰው ግመሉንም ጭነቱንም መንገድ ላይ ይጥላል አሉ። ግመሉን በዚህ ትዕግሥት የሚያሳድግ አገር 118 ኪሎ የሆነውን የ19 ዓመት ልጅ ግን በመጀመሪያው ቀን ኩንታል ያሸክመዋል።

ትልቅ አካልን በትዕግሥት በማሳደግ ጃፓኖችን የሚያህል ያለ አይመስለኝም። በሱሞ የክብደት ምድብ የሚባል ነገር የለም፤ 100 ኪሎው ከ250 ኪሎው ጋር ይገጥማል። ታጋዩ በማለዳ በባዶ ሆዱ ይለማመዳል፤ እግሩን ከፍ አድርጎ መሬቱን መርገጥ በቀን በመቶ የሚቆጠር ጊዜ ይደጋግማል፤ ቁጭ ብሎ እግሮቹን ግራና ቀኝ እስከ መሬት ይከፍታል፤ ታላቁን በደረቱ እየገፋ፣ እየተጣለና እየተንከባለለ ይነሳል። ከዚያ በኋላ ነው ሥጋውን፣ ዓሣውን፣ አትክልቱን በአንድ ድስት የያዘውን ወጥ ከሩዝ ጋር የሚበላው፤ ከዚያም ይተኛል። በዚህ መንገድ ነው የሃዋይ ተወላጁ አኬቦኖ፣ ቁመቱ ከ2 ሜትር የሚያልፈው፣ በ1993 ከጃፓን ውጭ ተወልዶ የዮኮዙናን ማዕረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው። 280 ኪሎ ያለፈው ኮኒሺኪም የዚያው ዘመን ሰው ነው። ኮኒሺኪን ግን ማይኖውሚ የሚባል፣ ክብደቱ 100 ኪሎ ገደማ የሆነ ትንሽ ሰው የጣለው ጊዜ አለ። ይህ ማይኖውሚ ቁመቱ ለመግቢያ ስላልበቃ ራስ ቅሉ ላይ ሲሊኮን አስገብቶ ነው የተለካው፤ እንዲህም ያለ ሞገደኛ አለ።

ነገሩን በማር ብቻ ለውሼ ማቅረብ አልፈልግም። አንድሬ በ46 ዓመቱ ነው የሞተው፤ ግዝፈቱ ራሱ ከአንጎል ሥር ያለች ዕጢ የዕድገት ሆርሞን ያለ ልክ በማመንጨቷ የመጣ በሽታ ነበር። የመድረኩ ዮኮዙና በ2000 ሲሞት 34 ዓመቱ ነበር። አኬቦኖ ጉልበቱ እምቢ ብሎት በ2001 ትግሉን ተወ፤ በ2024 በ54 ዓመቱ አረፈ። ሰውን እንደ ድልብ በሬ ማወፈር ማሠልጠን አይደለም። ደግ አሠልጣኝ ኪሎ አይጨምርም፤ ያለውን ኪሎ የሚሸከም ጉልበት፣ ወገብና ልብ ይሠራል፤ አንዳንዴም ‹‹ቀንስ›› ይላል፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ሐኪም ዘንድ ይልካል።

በቆላ ሲሆን ሌላም ጣጣ አለ። አካል ሲገዝፍ ሙቀት የሚያመነጨው ሥጋ ሙቀት ከሚያስወጣው ቆዳ ይበልጥ ይጨምራል፤ ስለዚህ ግዙፍ ሰው ቶሎ ይግላል፣ ዘግይቶ ይቀዘቅዛል። የሽንኩርት ጫኞቻችን በቀትር ሲሠሩ ከሁሉ ቀድሞ ጥላ ሥር የሚቀመጠው ትልቁ ነው፤ ‹‹ሰነፍ›› ይሉታል። ስንፍና አይደለም፤ የተፈጥሮ ስሌት ነው። ሮቢት ላይ የሚሠለጥን ግዙፍ ሰው ካለ ከፀሐይ መውጣት በፊት ጀምሮ ለቁርስ መጨረስ አለበት።

ጊዜውስ? ማርክ ሄንሪ የሚባለው ጥቁር አሜሪካዊ በ1992ና በ1996 በኦሊምፒክ ክብደት ያነሳ፣ ጉልበቱ የተመሰከረለት ሰው ነበር። ወደ ነጻ ትግል በ1996 ሲገባ ጉልበቱ እንዳለ ነው፤ የቀረው አወዳደቁ፣ ትንፋሹ፣ እርምጃው ነበር። ካናዳ ካልጋሪ ልከው አስተማሩት፤ ካገር አገር ከታወቀ በኋላም በ2000 ወደ ታችኛው ማሠልጠኛ መልሰው አወረዱት። የዓለም ከባድ ሚዛን ቀበቶ የታጠቀው በ2011 ነው። 15 ዓመት! በእነዚያ ዓመታት ውስጥ ስንት ሰው ‹‹ይሄ ገልጃጃ›› እንዳለው መገመት አያስቸግርም፤ ያልተባረረው የሚጠብቀው አሠሪ ስለነበረው ነው።

‹‹ያ የሀብታም አገር ነው›› የሚለኝ እንዳለ አውቃለሁ። ሴኔጋልስ? የዳካር ልጆች በውቅያኖሱ ዳር አሸዋ ላይ ነው የሚሠለጥኑት። እንደ እኛው የእረኛና የገበሬ ትግል የነበረውን ‹‹ላምብ››ን ስታዲየም የሚያስሞላ ሥራ አድርገውታል፤ ‹‹ቦምባርዲዬ›› እየተባለ የሚጠራውን ግዙፍ ታጋያቸውን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። በ2018 ለትግል ብቻ የታነጸ ብሔራዊ መድረክ ከፍተዋል። ጅምሩ ግን አሸዋና ታላቅ ወንድም ነበር። እኛም በባህል ስፖርት ውድድሮቻችን ውስጥ ትግል አለን፤ ከዓመት ዓመት በበዓል ሰሞን ታይቶ ይታጠፋል እንጂ ከአንዱ በዓል እስከ ሌላው ልጁን ይዞ የሚያቆይ ቤት የለውም።

ሸዋ ሮቢት በ2013ና በ2014 ዓ.ም. የግጭትና የጦርነት እሳት ስላለፈባት ቅድሚያ የምትሰጠው ብዙ ነገር አላት፤ ለትግል ሜዳ ይሠራ ብዬ አቤቱታ አልጽፍም። ምግቡን እንደሆነ ይፋት አያጣውም፤ የማሽላው እንጀራ አለ፣ የማሾው ወጥ አለ፣ የግመሉ ወተት አለ። የሚጎድለው ማለዳ 12 ሰዓት ላይ ተነስቶ አንዱን ጠብደል ‹‹ና፣ መጀመሪያ አወዳደቅህን ልይ›› የሚል ሰው ነው። አሸዋውን ወንዙ በየክረምቱ አዲስ አድርጎ ያወርደዋል። እሱንም ቢሆን ውኃው ሲሸሽ እነዚያው ልጆች ናቸው በአካፋ እየዛቁ በገልባጭ መኪና ለሕንጻ የሚጭኑት።