ከሰንጋ ተራ እስከ ሲያትል፦ መኪና ስንመርጥ የምንረሳው ሸክም

ባለፈው ክረምት ሰንጋ ተራ ወንድሜ ቤት ሳርፍ የቤቱ ወሬ ሁሉ መኪና ነበር። ሦስቱ ልጆች አድገው፣ እናታችንም ከእነሱ ጋር እየኖረች፣ ቪትዟ አልበቃ ብላቸዋለች። ማታ ማታ በረንዳው ላይ፣ 209 ሜትር የሚረዝመው የንግድ ባንክ ሕንፃ ከፊታችን እያበራ፣ የመኪና ዋጋ ስናነሳና ስንጥል እናመሻለን። እኔም ሲያትል ጀልባ የሚጎትት የቤተሰብ መኪና ስመርጥ የሠራሁትን ስህተት አጫወትኩት።

አገር ቤት መኪና ቋሚ ንብረት ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ስትሸጠው ያከስራል ወይ?» ነው፤ መለዋወጫው፣ ነዳጁና ከመሬት ከፍ ማለቱ ይከተላሉ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ የቤት መኪና ማስገባት ስለተከለከለ፣ ገዢው ወይ እዚሁ ያለውን ያገለገለ መኪና በውድ ይገዛል፣ ወይ ወደ ኤሌክትሪክ ይዞራል። ጀልባ የመጎተት ነገር ግን አይነሳም። ባሕር ዳር፣ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ስንሄድ ጀልባው ሐይቁ ዳር ታስሮ ይጠብቀናል፤ ከፍለን እንሳፈራለን። «ተሳቢ» ሲባልም ትዝ የሚለን የጅቡቲ መስመር ከባድ መኪና ነው።

ሲያትል ጀልባው የሚያድረው ግቢ ውስጥ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ጋንቾ ላይ ይታሰርና ዋሽንግተን ሐይቅ ይወርዳል። እኔም መኪና ስገዛ አንድ ቁጥር ብቻ ጠየቅኩ፦ ስንት ይጎትታል? ሚኒቫኑ 3,500 ፓውንድ፣ ማለትም 1,588 ኪሎ ይጎትታል ተባልኩ። ጀልባው ከነሞተሩና ከነተሳቢው 1,100 ኪሎ ስለሆነ ተርፎ ይበቃል ብዬ ገዛሁ።

ያልጠየቅኩት መኪናው በራሱ ላይ የሚሸከመውን ነው። የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሰውና የዕቃው ክብደት ከ550 ኪሎ እንዳይበልጥ ተጽፏል። እኛ ሰባት ሰዎች 430 ኪሎ ነን። ምግቡ፣ ውሃውና ድንኳኑ 70 ኪሎ። ተሳቢው ደግሞ ከክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያህል ጋንቾው ላይ ስለሚጥል ሌላ 110 ኪሎ ተጨመረ። ድምሩ 610 ኪሎ! የመጎተት አቅሙ ሳይነካ የመሸከም አቅሙ አልቋል። ብዙ አምራቾች የመጎተት አቅምን የሚያሰሉት ሾፌርና አንድ ተሳፋሪ ብቻ ይዘው ነው፤ የሐበሻ ቤተሰብ ደግሞ ሁለት ሆኖ ሐይቅ አይወርድም።

ነገሩ የገባኝ ጀልባውን ከውሃ ሳወጣ ነው። የመኪናው ቂጥ ወደ መሬት ወርዶ አፍንጫው ተነሣ። የሚነዱት የፊት ጎማዎች እርጥቡ ኮንክሪት ላይ ቦታቸው ላይ ተሽከረከሩ፤ የጎማ ሽታ አፈነን። ሰው ሁሉ እስኪወርድ መኪናው አልተንቀሳቀሰም። ልጆቼ ውስጥ እያሉ ወደ ኋላ ቢንሸራተት ብዬ ዛሬም ሳስበው ይዘገንነኛል። በኋላ የገዛሁት በሻንሲ ላይ የተሠራና በአራቱም ጎማ የሚነዳ ነው። ተሳቢዬም አሁን የራሱ ፍሬን አለው፤ ውሃ የሚገባበት ኩሽኔታ ደግሞ በየዓመቱ ግራሶ ይቀባል።

አገር ቤት ግን ሲያትል የማላየው መልካም ልማድ አለ፤ መኪና ብቻውን የሚገዛ ሰው የለም። ወንድሜ አንድ መኪና ሊያይ ሲሄድ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ የሚላቸውን መካኒክ ይዞ ሄደ። እሳቸውም ካርቶን አንጥፈው ከስሩ ገቡና «ቀለሙን ተወው፤ መኪና የሚታየው ከስር ነው» አሉት። እኔ ሲያትል አንድ እንደ እሳቸው ያለ ሰው ይዤ ብሄድ ኖሮ ለሐይቁ ዳር ድንጋጤ አልዳረግም ነበር።

ስለዚህ ምክሬ ለሁለቱም አገር አንድ ነው፦ መጀመሪያ የሚሳፈረውን ሰው ቁጠሩ፣ ቀጥሎ ዕቃውን መዝኑ፣ መኪናውን ከዚያ በኋላ ፈልጉ። ኤሌክትሪክ የምታስቡም፣ ከባድ ነገር ሲጎትት በአንድ ቻርጅ የሚሄደው ርቀት እስከ ግማሽ ሊቀንስ እንደሚችል አስቡበት።

ከመመለሴ በፊት በነበረው ማታ ወንድሜ ሊገዛ የመረጠውን መኪና ሊብሬ ኮፒ ይዞ በረንዳው ላይ መጣ። ሁልጊዜ የሚያየው የተሠራበትን ዘመንና የሻንሲ ቁጥሩን ነበር። ያን ቀን ግን የስልኩን መብራት አብርቶ የክብደቱ መስመር ላይ ጣቱን አሳረፈና «እማዬ ስንት ኪሎ ትሆናለች?» አለኝ።