ምጣድ አይቻልም

ዛሬ ምሳ ሰዓት ላይ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ነገ የምትፈርመውን የቤት ኪራይ ውል አሳየችኝ። ሰሚት ኮንዶሚኒየም፣ ባለ አንድ መኝታ፣ አራተኛ ፎቅ። ወረቀቱ ላይ 9 ሺህ ብር ይላል። የምትከፍለው ግን 17 ሺህ ነው። 9 ሺው በባንክ ይገባል፣ 8 ሺው በእጅ። «ለወረዳው እንዲህ ነው የምንጽፈው፣ ግብሩ አያስኖረንም» ብለዋታል አከራይዋ። የሦስት ወር ቅድሚያ ክፍያ አለ፣ የደላላው ለብቻ።

ስንቶቻችሁ እንዲህ ባለ ውል እንደምትኖሩ አልጠይቅም፤ አውቀዋለሁ።

አዋጅ 1320/2016 ሲወጣ ከልቤ ነበር ደስ ያለኝ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ይመዝገብ፣ ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ ተቆጣጣሪው አካል በሚያስቀምጠው ልክ ይሁን። ዛሬም ጥሩ አዋጅ ነው እላለሁ። ነገር ግን አዋጁ የሚያየው የተጻፈውን 9 ሺህ ነው፤ ጭማሪው የሚመጣው ባልተጻፈው 8 ሺህ ላይ ነው። ከሦስት ወር በኋላ «በእጅ የምትሰጪኝን 12 አድርጊው» ቢሏት ምን ይዛ ትከሳለች? ከውሉ ግርጌ የራሷ ፊርማ አለ። አፏን የሚያዘጋት ሊጠብቃት የወጣው ወረቀት ራሱ ነው።

ደግሞ አከራይ ሁሉ ጅብ ነው የምትሉ ኮመንት ላይ እንዳትጀምሩኝ! ጡረታው ለአስቤዛ አልበቃ ብሎት ሁለት ሰርቪስ ክፍል እያከራየ ልጅ የሚያስተምር ሰው አለ። የ20/80 ዕጣ ወጥቶለት የባንኩን ዕዳ በኪራዩ የሚከፍል፣ እሱ ራሱ ሌላ ሰፈር ተከራይቶ የሚኖርም አለ። እነሱም ጨንቋቸው ነው።

እኔን ያንገበገበኝ በቃል የተነገራት ነው። እንግዳ አያድርም። ልብስ ማጠቢያ ማሽን አይገባም። ምጣድ አይቻልም።

ምጣድ! እንጀራ የማይጋገርበት ቤት፣ በ17 ሺህ ብር፣ አዲስ አበባ ላይ! ኧረ በማርያም!

ገርጂ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ሳለሁ እናቴ ልትጠይቀኝ ከደሴ መጣች፣ የጤፍ ዱቄቷን ተሸክማ። የሱቅ እንጀራ አይሆንላትም። እርሾ ከጎረቤት ለምና አቦካች፣ ሊጡ ሲደርስ ከዚያችው ጎረቤት ምጣድ ተውሳ ሰካች። ሁለተኛውን እንጀራ ስታወጣ አከራዬ በሩ ላይ ቆሙ። አልጮሁም። «እናት፣ ቆጣሪው እኮ የጋራ ነው» አሉ ብቻ። እናቴ እጇን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ መቀነቷን ፈታች፣ አራት ቦታ የታጠፈ መቶ ብር አወጣችና «የመብራቱን እኔ እከፍላለሁ፣ እትዬ» አለች። ተቀበሏት።

ከዚያ በኋላ በሰነበተችበት ጊዜ ሁሉ ከቧንቧው ውሃ ልትቀዳ ስትል መጀመሪያ እኔን ታየኝ ነበር። «ብቀዳ ምንም አይሉሽም?» በሰፈሯ ለቅሶም ሠርግም ያለሷ የማይሆን፣ ቡናዋ ሲፈላ ግቢው የሚሞላ ሴት ናት። እንደዚያ ስትሽቆጠቆጥ አይቻት አላውቅም። መቶ ብሩን ረስቼዋለሁ። ያንን አስተያየቷን ግን አልረሳውም።

ስለ ቤት ኪራይ በተወራ ቁጥር ስለ ዋጋ ብቻ ሲወራ የሚከፋኝ ለዚህ ነው። ዋጋውማ ያቃጥላል። ግን ሰው ኪራዩን ሳያጓድል እየከፈለ እንዴት ዕድሜውን ሙሉ እንግዳ ሆኖ ይኖራል? ለእድር ስትመዘገቢ «ተከራይ ነሽ እንዴ?» ትባያለሽ። መታወቂያ ልታወጪ ስትሄጂ አከራይሽን ይዘሽ ነይ ትባያለሽ። ግድግዳ ላይ ምስማር ለመምታት ታስፈቅጃለሽ፣ ልጅሽ ደረጃ ላይ ሲሮጥ ነፍስሽ ትወጣለች። በ2005 ለኮንዶሚኒየም ተመዝግበው እስከ ዛሬ እየቆጠቡ የሚጠብቁ አሉ። ያኔ የተወለደ ልጅ አሁን ሚኒስትሪ ሊፈተን ነው፤ ያደገው ሁሉ «ድምፅ አታሰማ» እየተባለ ነው።

ባልደረባዬን አትፈርሚ ልላት ፈለግሁ። ብላትስ የት ትገባለች? ያለችበትን ቤት በዚህ ወር መጨረሻ ልቀቂ ተብላለች፣ ልጇ ደግሞ ትምህርት ላይ ነው። ያልኳት አንድ ነገር ነው፦ በእጅ ስጪ የሚሉሽንም በስልክ ወደ ሒሳባቸው አስተላልፊ፣ ዱካ ይኑርሽ። «እሺ ካሉኝ» አለች። እሺ እንደማይሏት ሁለታችንም እናውቃለን።

እስከ ነገ ጠዋት ጊዜ አላት። ሰሚት፣ አያት፣ ጎሮ አካባቢ፣ ያለ ደላላ የሚከራይ ባለ አንድ መኝታ የምታውቁ፣ ሙሉ ዋጋውን ውል ላይ የሚጽፉ፣ ምጣድ የሚፈቅዱ አከራይ የምታውቁ በናታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።