ሊያድሩ የመጡና ሊኖሩ የመጡ

ከሻሸመኔ የተከራየነው አይሱዙ ዕቃችንን ያራገፈው ከላንጋኖ ሐይቅ በስተምሥራቅ፣ ከአንድ ሰፊ ግራር ሥር ነበር። ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል፤ እኔ ገና ፊደል ቆጥሬ መጨረሴ ነው። ሰፈርተኛው ዙሪያውን ቆሞ የሚወርደውን ዕቃ አንድ በአንድ ያያል። የሽቦ አልጋ፣ የጥጥ ፍራሽ፣ የእናቴ ምጣድ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች፣ በኬሻ የተጠቀለለ የእንሰት ችግኝ፣ ፋኖስ፣ የአባቴ መጽሐፍ ቅዱስ፣ በመጨረሻም አቧራ የለበስን አራት ልጆች። የሰዎቹ ፊት የተፈታው እኛን ልጆቹን ሲያዩ ነው። ወንድ ብቻውን ቢመጣ ግብር ሰብሳቢ ወይም የከሰል ነጋዴ ይባላል። ልጅ ይዞ የመጣ ሰው ግን ወተት ይለምናል፣ እሳት ይጭራል፣ ልጁ ሌሊት ሲታመምበት ይጮኻል። እንዲህ ያለውን ሰው ማንም አይፈራውም።

አባቴ ከወላይታ የተላከ የቃለ ሕይወት ወንጌላዊ ነበር። የተላከበት ሕዝብ አርሲ ኦሮሞ፣ እምነቱም በአብዛኛው እስልምና ነው። በዚያው ምሽት የጎረቤታችን የሀጂ ባለቤት፣ እኛ አዴ እያልን የምንጠራቸው ሴት፣ በጮጮ ወተት ይዘው መጡ። እናቴ ኦሮምኛ አታውቅም፤ እሳቸውም አማርኛ አያውቁም። እሳቱ ዳር ተቀምጠው በእጃቸው እየጠቆሙ የልጆቻቸውን ቁመትና ዕድሜ ሲያመሳክሩ፣ በየመሐሉም ሲስቁ አመሹ። በማግሥቱ እናቴ ዕቃ ባዶውን መመለስ ነውር ነው ብላ ጮጮውን በቆሎ ሞልታ ሰደደችው። ያ ጮጮ ከዚያ ወዲያ ለዓመታት ከቤት ቤት ሲመላለስ ኖረ፤ በምን ተሞልቶ እንደሚመጣ እኛ ልጆች እየሮጥን እናይ ነበር። እንሰቱ ግን የቆላውን ደረቅ አፈር አልወደደውም፤ ዓመት ሳይሞላው ጠፋ። እናቴም ቆጮን ትታ ጩኮ መሥራት ከአዴ ተማረች።

ዛሬ በዚያ መንገድ የወንጌል ስርጭት ቡድን የሚመጣው በኮስተር ነው። ዓርብ ከሰዓት ይደርሳል፣ እሑድ ከሰዓት ይመለሳል። አባላቱ አንድ ዓይነት ካኒቴራ ለብሰዋል። ሞንታርቦ፣ ጄኔሬተርና በካርቶን የታሸገ ውኃ ይዘዋል። የሚያድሩት አርሲ ነጌሌ፣ ሆቴል ነው። ቅዳሜ ገበያ ዳር ይዘምራሉ፣ ይሰብካሉ፤ ለልጆች ከረሜላ ይታደላል፣ ፎቶ ይነሣል። የሰሙትና የተቀበሉት ሰዎች ቁጥር ቅጽ ላይ ይሞላል። ቅንነታቸውን አልጠራጠርም፤ ሲጸልዩ የሚያፈሱት እንባ ከልብ ነው። የሚከነክነኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከዚያ ሰፈር የሚያስፈልጋቸው አንዳች ነገር የለም። ውኃውን እንኳ ይዘው ነው የሚመጡት። የማንንም ደጅ ሳያንኳኩ ይሄዳሉ።

አባቴ የተልእኮን ታሪክ የሚያወራው እንደ ዘመድ ታሪክ ነበር። ዶክተር ቶማስ ላምቢና ባልደረቦቹ በሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን (ኤስ.አይ.ኤም.) ስም አዲስ አበባ የገቡት በ1920 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በበቅሎ ወደ ደቡብ ወርደው በሲዳማ፣ በከምባታና ሐዲያ፣ በወላይታም ሰፈሩ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ፣ በ1929 ዓ.ም. የመጨረሻዎቹ ሚሲዮናውያን ወላይታን ለቀው ሲወጡ ትተዋቸው የሄዱት የተጠመቁ አማኞች 48 ብቻ ነበሩ። ከጦርነቱ በኋላ ሲመለሱ የጠበቃቸው በሺዎች የሚቆጠር ምእመን ነው። በመካከሉ ወንጌሉን ያዳረሱት እየታሰሩና እየተገረፉ፣ አንዱ ለአንዱ እየተቀባበሉ ያስተማሩ ገበሬዎች ናቸው። ከዚያም ሚስትና ልጅ እያስከተሉ ወደ ጋሞ፣ ወደ ጎፋ፣ ወደ አሪ መሄድ ጀመሩ። አባቴ እዚህ ጋ ሲደርስ ድምፁ ዝቅ ይላል፤ እሱም የዚያው ሰልፍ ጭራ ላይ እንዳለ ያምን ስለነበር።

የመጀመሪያው ገና ሲመጣ አባቴ ጎረቤቱን ሁሉ ሊጋብዝ ፈለገ። ፍየል ገዛ። ግን ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም አይበላም፤ ሙስሊም ያረደውንም ክርስቲያን አይበላም። አባቴ ትንሽ ካሰበ በኋላ ቢላዋውን በሁለት እጁ ይዞ ሀጂ ደጅ ሄደ። «ሀጂ፣ እንግዶቼ እናንተ ናችሁ፤ እርስዎ ይባርኩልኝ» አላቸው። ሀጂ ቢላዋውን ተቀብለው ጣታቸውን በስለቱ ላይ አሳልፈው አዩት፤ «ዱልዱም ነው» ብለው የራሳቸውን አስመጡ። ቢስሚላህ ብለው አረዱ። ሰፈሩ በላ፤ አባቴም አብሮ በላ። እናቴ ግን ያደገችበት ልማድ አልለቃት አለና ያን ገና በሽሮ ዋለች። ወሬው አባቴን የላከችው አጥቢያ ዘንድ ሲደርስ ሽማግሌዎች ሊጠይቁት መጡ፤ ክርክሩ እስከ ሌሊት ዘለቀ። ለእኔ እስከ ዛሬ የማይረሳኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አረፋ ሲደርስ ሀጂ አንድ ጠቦት እየጎተቱ ወደ ቤታችን መጡና አባቴን «ይሄን አንተ እረደው፤ የሚስትህ ነው» አሉት። በግብዣው ዕለት በሀጂ ጓዳ ሁለት ድስት ተጣደ። እናቴ ለብቻዋ በተሠራላት ድስት ፊት ተቀምጣ ስታለቅስ አይቻታለሁ።

አሁን በባቱና በሻሸመኔ አዳራሾች ሠርግ ላይ ምግቡ በሁለት ረድፍ ይደረደራል። አንዱ ላይ «ክርስቲያን»፣ ሌላው ላይ «ሙስሊም» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ሁሉም የራሱን አንሥቶ ይቀመጣል። ሥርዓቱ ንጹሕ ነው፣ ማንንም አያስቸግርም። ቢላዋ ይዞ የሰው ደጅ የሚቆም ግን የለም። ለበዓል የሚላከው መልካም ምኞት በስልክ የሚመጣ ሥዕል ነው፤ አንዱን ሥዕል በአንድ ቀን ከብዙ ሰው እቀበለዋለሁ።

ቋንቋውን እኛ ልጆቹ ከብት ስንጠብቅ ለመድነው። አባቴ ግን ታገለው። የመጣው በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስና በአማርኛ መዝሙር ነው፤ ይህም የቆየ ውርስ ነበር። በነሐሴ 1936 ዓ.ም. የወጣው የሚሲዮኖች ደንብ የማስተማሪያው ቋንቋ አማርኛ እንዲሆንና ሚሲዮናውያንም እንዲማሩት ያዝዝ ነበር። ከዚያ ሁሉ ቀድሞ ግን በባርነት ተሸጦ ነፃ የወጣው ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ አዘጋጅቶ በ1899 እ.ኤ.አ. አሳትሞታል። እሱም ኋላ ወደ ወለጋ ተመልሶ በሕዝቡ መካከል እያስተማረ ኖረ። አባቴ ስለ እሱ የሰማው ላንጋኖ ከሰፈረ በኋላ ነው። ስሙን ባነሣ ቁጥር «ቀድሞ ሠርቶልናል እኮ!» ይል ነበር። ስብከቱ ግን እስከ መጨረሻው በኦሮምኛና በአማርኛ የተቀየጠ ሆኖ ቀረ፤ አዴ ከዳር ተቀምጠው ቃሉን ሲያርሙለት ከመቀየሙ ይልቅ ይደግመው ነበር።

ዛሬ በዚያች ጸሎት ቤት የሚሰብኩት እዚያው የተወለዱ ወጣቶች ናቸው። በ1984 ዓ.ም. በታወጀው ቁቤ ተምረው ያደጉ ናቸው፤ መዝሙራቸውን ራሳቸው ይገጥማሉ፣ ምሳሌያቸው ከከብትና ከፈረስ የሚወጣ ነው። አባቴ በሕይወት ዘመኑ ማብቂያ ላይ ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ያዳምጣቸው ነበር፤ ከሚናገሩት ግማሹ ያመልጠው ነበር፣ ደስታው ግን ወደር አልነበረውም። ትልቁ ትርፍ ይኸ ነው። ኮስተሩ ግን ዛሬም አንዳንዴ ከአማርኛ ሰባኪና ከአስተርጓሚ ጋር ይመጣል።

ትርፉን ስቆጥር ኪሳራውን መሸሸግ አልፈልግም። ከሰፈሩ አንድ ልጅ አምኖ ሲጠመቅ የተከፈለው ዋጋ ቀላል አልነበረም። እናቱ ወራት ሙሉ ከቤት አልወጡም፤ ሀጂም እኛ ቤት ቡና መጠጣት ተዉ፣ ጮጮው በዚያ ወቅት እኛ ጓዳ ባዶውን ተቀመጠ። አባቴ ሊሰብክ እንደመጣ ሁሉም ያውቃል፤ ሆኖም ነገሩ በሰው ቤት ሲደርስ ሌላ ነው። አባቴ ግን ሻንጣ አንሥቶ የሚሄድበት አልነበረውምና በዚያ ቁጣ መካከል መኖር ነበረበት። በየማለዳው ሀጂ ደጅ አልፎ ሰላምታውን ያቀርባል፤ መልስ አያገኝም፣ በማግሥቱም ያቀርባል። ቅዳሜ ሰብኮ እሑድ የሚሄድ ሰው ይህን ማለዳ አያውቀውም።

ያቺን ዝምታ የሰበረው የወንድሜ ሞት ነው። እዚያው የተወለደ ታናሻችን ነበር፣ ወባ ወሰደችው። ቤተ ክርስቲያን የለ፣ መቃብር የለ፤ ሙስሊሞቹ ከሚቀበሩበት መቅበር አይቻልም፣ ወደ ወላይታም ሬሳ ተይዞ አይሄድም። አባቴ ቆሞ ሲጨነቅ ሀጂ ዶማ ይዘው መጡ። ከእርሻቸው ጫፍ በርምጃ ለክተው ከለሉ፤ ልጆቻቸው ቆፈሩ። ከዚያ ወዲያ «የመጡት ሰዎች» የሚለን ቀረ። መሬት ውስጥ ሰው ያለው ሰው እንግዳ አይደለም አሉ።

ያኔ ለታመመ ሰው መድረሻው ከሐይቁ በስተምሥራቅ ያለው የኤስ.አይ.ኤም. ክሊኒክ ነበር፤ ሲጠና ደግሞ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ማዕከልነት ተነሥቶ አጠቃላይ ሆስፒታል የሆነው የካቶሊኮቹ ጋምቦ። በቃሬዛ ወይም በጋሪ ነው የሚኬደው። ዛሬ ባጃጅና ሞተር አለ፤ የወባ መድኃኒት ቅርብ ነው። ወንድሜ ዛሬ ቢታመም ኖሮ የሚድን ይመስለኛል። ይህን እያወቅሁ የድሮው ይሻል ነበር የምል ሰው አይደለሁም።

ውኃውም እንዲሁ ነው። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ከእሳተ ገሞራው ዓለት የሚያገኘው ፍሎራይድ በብዙ ቦታ የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ከሚፈቅደው በሊትር 1.5 ሚሊግራም በእጅጉ ይበልጣል። ጥርሱ ገና በሚሠራበት ዕድሜ የጠጣው ልጅ ዕድሜ ልኩን ጥርሱ ቡናማ ይሆናል። በእኛ ቤት ታላቅ እኅቴ ጥርሷ ተሠርቶ ነው የደረሰችው፣ ነጭ ነው። የእኔ ነጭና ቡናማ እየተፈራረቀ መስመር ሠርቷል። የታናናሾቼ ሙሉ በሙሉ የአገሩ ሰው ጥርስ ነው። ዛሬ የአዴ የልጅ ልጆች ከሩቅ በቧንቧ የመጣ ውኃ ይጠጣሉ፤ ሲስቁ ጥርሳቸው ነጭ ነው፣ እሰየው።

በመስከረም 2009 ዓ.ም. የሐይቁ ዳሩ ቢሻንጋሪ ሎጅ ሲቃጠል፣ ኋላም በሰኔ 2012 ዓ.ም. ድምፃዊው ሃጫሉ ሁንዴሳ በተገደለ ማግሥት ሻሸመኔና አርሲ ነጌሌ በእሳት ሲታመሱ እናቴ ብቻዋን እዚያው ነበረች፤ አባቴ ዐርፏል፣ እኛም ተበትነናል። በሁለቱም ጊዜ የሀጂ ልጆች አልጋዋን ሳይቀር ተሸክመው ቤታቸው ወሰዷት። በስልክ ስጨነቅ «እኔ ቤቴ ነኝ፣ አንተ ስለ ራስህ አስብ» አለችኝ። ያን ሰሞን በየከተማው ጎረቤቱን በስም የማያውቅ ስንት ቤተሰብ እንደነበረ ሳስብ ያመኛል።

ዘንድሮ አዳዲስ ሰዎች ሰፍረዋል። ከአዳማ የመጡ ወጣት ባልና ሚስት ከሕፃን ልጃቸው ጋር። እሱ የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ ጳውሎስ ድንኳን እየሰፋ እንዳገለገለ በደመወዙ እየኖረ ማገልገል ይፈልጋል። ኦሮምኛው እንደ ውኃ የጠራ ነው፣ አስተርጓሚ አያሻውም። ቤታቸው ቆርቆሮ፣ በራቸው ላሜራ፣ ጣሪያው ላይ የፀሐይ መብራት አለ። እናቴ መጀመሪያ አልወደደችውም፤ «እሳት የማይጭሩ ሰዎች፣ በራቸውም ዝግ ነው» ትል ነበር። በሁለተኛው ወር ሕፃኑ ሌሊት ታመመ፤ ባጃጅ ጠርተው ክሊኒክ አድርሰው ተመለሱ፣ ሰፈሩ የሰማው ጧት ነው። አዴ አርጅተዋል፤ ግን ምርኩዛቸውን ይዘው ሄዱና ላሜራውን ደበደቡት። «ልጅ ታሞ ጎረቤት አይቀሰቀስም?» ብለው ወጣቷን ሴት ተቆጧት፤ ገብተውም ቡና አስፈሉ። በሩ ከዚያ ወዲህ ቀን ቀን ክፍት ነው።

ባለፈው ስደውል እናቴ አንድ ነገር ነገረችኝ። የኮስተሩ ቡድን አስተባባሪዎች ለሚቀጥለው ጉዞ ምን ይዘን እንምጣ ብለው ወጣቷን ጠይቀዋታል። እሷም ሞንታርቦውን ተዉት፣ ይልቅ ለአንድ ዓመት እዚህ የምትቀመጥ አንዲት ነርስ ላኩልን ብላቸዋለች። እንመክርበታለን ብለው ሄደዋል፤ እስካሁን መልስ አልመጣም።